ውሃ ለምን ታጠፈ? ሎን ፔሩን ቁጠሪ

አብሽሪ እህቴ! ጥያቄሽ ውሃም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሶስት ሶስት አቶም ሆነው ለምን አንዱ ታጥፎ ሌላው ቀጥ አለ፣ አንግሉንስ ሳይሸመድዱ ማወቅ ይቻላል ወይ ነው አይደል? ይቻላል። ደሴ ላይ የ11ኛና 12ኛ ልጆች ሳስጠና አመታት ሆኖኛል፣ ሁሌ የማየው ግን ሊዊስ ስትራክቸሩን (ቦንዶቹንና ያልተጋሩትን ኤሌክትሮኖች የሚያሳየውን ስዕል) ሳይስሉ ወደ ሼፑ ስም ሲሮጡ ነው፣ ሶስት አቶም ካዩ ሊኒየር (ቀጥ ያለ)፣ አራት ካዩ ትራይጎናል ፕላናር (ዝርግ ሶስት ማዕዘን) ብለው ያልፋሉ። የአቶም ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

መጀመሪያ ሊዊስ ስትራክቸሩን ሳይው፣ ከዛ መሃል ባለው አቶም ዙሪያ ስንት የኤሌክትሮን ቡድን እንዳለ ቁጠሪ። ደብልም ይሁን ትሪፕል ቦንድ እንደ አንድ ቡድን ነው የሚቆጠረው፣ አንድ ሎን ፔርም (ከሌላ አቶም ጋር ያልተጋራ የኤሌክትሮን ጥንድ) እንደዛው። ቡድኖቹ ስለሚገፋፉ የቻሉትን ያህል ይራራቃሉ፣ 2 ከሆኑ 180፣ 3 ከሆኑ 120፣ 4 ከሆኑ 109.5 ዲግሪ። ለጊዜው እነዚህን ብቻ ያዢ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ካርቦኑ ሁለት ደብል ቦንድ አለው፣ ሎን ፔር የለውም፣ ስለዚህ 2 ቡድን፣ 180፣ አለቀ። ውሃ ላይ ግን ኦክስጅን ካሉት 6 ቫለንስ (የውጨኛው ሼል) ኤሌክትሮኖች 2ቱን ከሃይድሮጅኖቹ ጋር ይጋራል፣ የቀረው 4 ማለት 2 ሎን ፔር ነው፣ ድምሩ 4 ቡድን!

እዚህ ጋ ነው ወረቀት የሚያሳስተው፣ ሚቴንን ደብተር ላይ እንደ መስቀል ስለምንስለው ልጆቹ አንግሉ 90 ይመስላቸዋል። እኔ ድንችና ስቴኪኒ ነው የማስይዛቸው። አራት ስቴኪኒ እኩል አራርቃችሁ ሰኩ ስላቸው እጃቸው ራሱ ቴትራሄድራሉን (አራት ጫፍ ያለውን ቅርፅ) ያገኘዋል። ከዛ አንዱን ንቀይው፣ የቀረው የአሞኒያ ቅርፅ ነው፣ ትራይጎናል ፒራሚዳል፣ ሁለተኛውን ስትነቅይ ውሃ፣ ቤንት (የታጠፈ)። የነቀልሻቸው ሎን ፔሮቹ ናቸው፣ ቦታቸውን አለቀቁም፣ ሼፑ ግን የሚሰየመው በአቶሞቹ ብቻ ነው። ድንቹ የማያሳይሽ አንድ ነገር አለ፣ ሎን ፔር የሚስበው አንድ ኒውክለስ ብቻ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ይቀመጥና ቦንዶቹን ያጠጋጋቸዋል፣ ለዛ ነው ሚቴን 109.5፣ አሞኒያ 107 አካባቢ፣ ውሃ 104.5 የሆነው። አሞኒያ ሎን ፔሩን ለፕሮቶን ሰጥቶ አሞኒየም ሲሆን ደግሞ ተመልሶ 109.5 ይሆናል፣ ይሄን ሳይ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ፈተና ላይ ቦሮን ትራይፍሎራይድና አሞኒያን ጎን ለጎን ካመጡብሽ አትደንግጪ፣ ሁለቱም አራት አቶም ናቸው ግን ቦሮን ሎን ፔር የለውም፣ ዝርግ ነው፣ 120።

በ1957 ኬሚስቶቹ ጊሌስፒና ናይሆልም ያደራጁት ይሄ ቬሴፐር (VSEPR) የሚባለው፣ የኤሌክትሮን ቡድኖች መገፋፋትን የሚጠቀም ሞዴል በትክክል የሚሰጥሽ ቅርፁንና አንግሉ ከመነሻው ቁጥር (ለምሳሌ ከ109.5) ማነስ መብለጡን እንጂ ቁርጥ ቁጥሩን አይደለም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደ ውሃ 2 ሎን ፔር ይዞ 92 አካባቢ ነው፣ እሱን በመቁጠር አታገኚውም።

አሁን ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ራስሽ ሞክሪው፣ ሰልፈሩ ላይ የሚቀረውን ሎን ፔር እንዳትረሺ፣ ከ120 ትንሽ ዝቅ ያለ ቤንት ካላገኘሽ የሳልሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አየዋለሁ።