«ስለ»፣ «ላይ» ወይስ «ዙሪያ»?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «መሥሪያ ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። "ስለ በጀቱ ተወያየን" ብዬ ስጽፍ አለቃዬ "በበጀቱ ዙሪያ" ብለው ያርሙታል። ሌላው ባልደረባዬ ደግሞ "በበጀቱ ላይ" ይላል። የቱ ነው ልክ?»

የእርስዎ ነው ልክ። አለቃዎ ባይነኩት ደስ ይለኝ ነበር።

«ዙሪያ» የ«ዞረ» ልጅ ነው። አጥር በቤቱ ዙሪያ ይታጠራል፤ ቤቱ ውስጥ ግን አይገባም። «በበጀቱ ዙሪያ ተወያየን» ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ሰዎቹ በጀቱን ሲዞሩት ነው። ገብቶ የነካው የለም።

«ስለ» ለምክንያት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ «ስለመጣ»፣ «ስለ እናትህ» እንደምንለው። ለጉዳይ ሌላ ቃል ይፈለግ ባይ ናቸው። አልቀበለውም። ግእዝ «በእንተ»ን ለሁለቱም ይጠቀምበታል። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ስለ ስሟ ብላችሁ ስጡኝ ማለቱ ነው። በርእስ መነሻ ላይ የሚመጣው «በእንተ» ግን የሚነገረውን ጉዳይ ያመለክታል። የእኛም «ስለ» ሁለቱን ሥራ አብሮ ቢሠራ ምን ይገርማል?

«ላይ» ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ከ«ልዑል» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የግእዙን «ላዕል» ስናይ ከ«ላይ» የጠፋችው ፊደል «ዕ» የት እንደነበረች ይገባናል። «በበጀቱ ላይ» ቢሉ ግድ የለኝም። ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል። «ስለ እሱ መሰከረች» እና «በእሱ ላይ መሰከረች» ጎን ለጎን ይቀመጡ። በሁለተኛው ሰውየው ተጎድቷል። «መሰከረችለት» እና «መሰከረችበት» እንደሚለያዩት ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ «በአቶ እገሌ ላይ ተወያየን» ብለው ቢጽፉ፣ ያነበበ ሁሉ «ምን አጥፍቶ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

«ዙሪያ»ን ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው እያልኩ ብዙ ተከራክሬበታለሁ። ችግሩ፣ ዛሬ «ስለ» ብለን የምንተረጉመው የእንግሊዝኛው «አባውት» ራሱ ጥንት «በውጪ በኩል ዙሪያውን» ማለት ነበር። እነሱ ዞረው የደረሱበትን አማርኛ አይድረስበት ልል አልችልም። ዜናውም ስብሰባውም «ዙሪያ»ን ለምዶታል፤ ስህተት ነው ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣበትም። እኔ ግን አልጽፈውም። እርስዎም በሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ «ስለ»ን ይመልሱት።