መልስ፦ ናስካር ለምን በድሮ ሞተር ይወዳደራል?

ወንድሜ፣ «ናስካር (የአሜሪካው የመኪና ውድድር) እስከ ዛሬ በአሮጌ ሞተር የሚወዳደረው ለምንድን ነው? ሰዉስ ምኑን ነው የወደደው?» ላልከው፦

የድሮ መሆኑስ ልክ ነህ። ሞተሩ ቪ8 ነው (እኛ ሰፈር ቪ8 ሲባል ትዝ የሚለን ላንድክሩዘር ቢሆንም)፣ 358 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 5.9 ሊትር ገደማ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ከላይ ሳይሆን ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው በረጃጅም ዘንጎች እየገፋ ነው። ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን የድሮ መሣሪያ) እንኳ በዋናው ውድድር የተዉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ግን አትናቀው! በደቂቃ ወደ 9,000 ዙር እየተሽከረከረ ለሰዓታት ይሠራል፤ በ2022 ደንብ በአብዛኞቹ ትራኮች 670 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ፍቅሩ የመጣው ከፎርድና ሼቭሮሌት ፉክክር ነው። ለኔ ግን ሄሚ የተባለውን የክራይስለር ሞተር የሚያህል ታሪክ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዴይቶና 500 በተባለው የናስካር ትልቅ ውድድር ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ጠራርጎ ወሰደ፤ አሸናፊው ሹፌር ሪቻርድ ፔቲ ነበር። በ1965 ደንቡ ሄሚውን ሲያግድ ክራይስለር አኩርፎ ወጣ። ሻምፒዮኑ ፔቲም ለወራት ወደ ድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ወደሚደረግ የፍጥነት ፉክክር) ሄደ። በአንድ ሞተር ምክንያት!

ድምፁን ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ በስልክ ስፒከር አይሆንም።