«ሲጋራው ይሆን?»

ጥያቄ፦ እርጉዝ ሳለሁ እስከ አምስተኛው ወር በቀን ሦስት አራት ሲጋራ አጨስ ነበር። ልጄ አሁን 6 ዓመቱ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፤ «ሀ»ን ይጀምርና መስኮት መስኮቱን ያያል። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ኒኮቲን በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድም በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል። ካጨሱ እናቶች በሚወለዱ ልጆች ላይ ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ በርከት ብሎ ይታያል፤ የእጅ ቅልጥፍና ላይም ልዩነት ያዩ ጥናቶች አሉ። ግን ዘርም ኑሮም አብረው ስለሚገቡ፣ በአንድ ልጅ ላይ «ሲጋራው ነው» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ፤ ስንቱ «ፈዛዛ» የተባለ ልጅ መነጽር ሲያደርግ ነቅቷል! ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ቤት ውስጥ ምስር ይልቀም፣ ሊጥ ይጠፍጥፍ፤ ጣት ያሠራል።

አባቱስ ሳሎን ውስጥ ያጨሳል? እሱን አልጻፍሽልኝም።