ለወረቀት መንኮራኩር ሠሪዎች

ሰላም ልጆች። በተለይ እናንተ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተማችሁትን ወረቀት እየቆረጣችሁ ፊልም ላይ ያያችሁትን የጠፈር መንኮራኩር የምትሠሩ። ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቼም ማስመሪያዬን አልጣልኩም። እጃችሁን አደንቃለሁ። አቆራረጣችሁ ንጹሕ ነው፣ ሙጫው አይታይም። ነገሩ የሚበላሸው መደርደሪያው ላይ ነው። የስታር ዋርሱ ኤክስ ዊንግ አንድ አብራሪ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ተዋጊ ነው፤ መዳፍ አክሎ ተቀምጧል። አጠገቡ 1,600 ሜትር የሚረዝመው ስታር ዲስትሮየር አለ፤ እሱም ያው መዳፍ ቢያክል ነው። ሁለቱም የተሠሩት አንድ ወረቀት ላይ እንዲያልቁ ተብሎ ነዋ። እንግዲህ ማን ማንን ያሳድዳል?

ስኬልን ከጂኦግራፊ ትምህርት ታውቁታላችሁ። እኛ ብዙ የሠራንበት ካርታ 1 ለ 50,000 ነው። ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 500 ሜትር። ሐይቅን በአንድ ስኬል፣ የጦሳን ተራራ በሌላ ስኬል አድርጎ አንድ ካርታ ላይ የሳለ ቀያሽ በማግስቱ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እናንተን የሚያባርር አለቃ የለም። ለዚህ መሰለኝ የምትዘናጉት።

ስኬል የሚመረጠው ከትልቁ ተነስቶ ነው። ልትሠሩ ያሰባችሁትን ሁሉ ጻፉ፣ ርዝመቱን በሜትር ከጎኑ አስቀምጡ። ከዚያ ትልቁ ቤታችሁ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ አስቡ። 1 ለ 1,000 ለሒሳብ የሚመች ነው። ሜትሩን ሚሊ ሜትር ብላችሁ ታነቡታላችሁ፣ አለቀ። በ1966 በቴሌቪዥን የወጣችው የስታር ትሬኳ ኢንተርፕራይዝ 289 ሜትር ናት፤ 28.9 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ስለሆነ በልኳ የተሰፋ ይመስላል። ስታር ዲስትሮየሩ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። የስታር ዋርሷ መንኮራኩር ሚሊኒየም ፋልከን 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ኤክስ ዊንግ ግን ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እዚያ ላይ አራት ክንፍ በምላጭ ላውጣ ማለት ዓይንን መጨረስ ነው።

ወደ 1 ለ 144 ብትዞሩ ኤክስ ዊንጉ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ለእጅ ይመቻል። ያኔ ግን ኢንተርፕራይዝ 2 ሜትር ትሆናለች። ስታር ዲስትሮየሩ ደግሞ 11 ሜትር፣ የማን ሳሎን ይችለዋል? በእኔ ግምት ሁለት መደርደሪያ መያዝ ነው የሚያዋጣው። ለግዙፎቹ 1 ለ 1,000፣ ለትንንሾቹ 1 ለ 144። እያንዳንዱ ሞዴል ሆድ ላይ ስኬሉን በእርሳስ ጻፉበት። አታደባልቁ። ለትንሿ አዝናችሁም “ትንሽ ላሳድጋት” አትበሉ። ትንሿ ካደገች የትልቁ ትልቅነት በምን ይታወቃል?

ሌላው፣ የምታውቁትን ነገር በዚያው ስኬል ሠርታችሁ አጠገባቸው አቁሙ። ሰው በ1 ለ 1,000 ከ2 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ አይረዳም። እኛ ወሎዬዎች ግን ላሊበላ አለችን። ቤተ ጊዮርጊስ ከፍታው 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ከኤክስ ዊንግ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። ቤተ መድኃኔዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር ያልፋል፤ ፋልከን ከ34 ትንሽ ከፍ ትላለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ላሊበላን የረገጠ እንግዳ ሁሉ ማብራሪያ አይጠይቃችሁም። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከውን ሳተርን 5 ሮኬትም ጨምሩ፤ 111 ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከኢንተርኔት የምታወርዱት ንድፍ ብዙ ጊዜ ስኬሉ አልተጻፈበትም። እናንተ ፈልጉት። ንድፉ ሲገጣጠም 40 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ኢንተርፕራይዝ አገኛችሁ እንበል። 289 ሜትሯን በሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 28,900ን፣ ለ40 ስታካፍሉ 722 ይመጣል፤ ስኬሉ 1 ለ 722 ነው። ወደ 1 ለ 1,000 ለማውረድ 722ን ለ1,000 አካፍሉ፤ 72 በመቶ አድርጋችሁ ታትማላችሁ። ፕሪንተሩ ላይ “ከገጹ ጋር አስማማ” የሚለው ምርጫ ካልጠፋ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ንድፉ ላይ የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጨምሩና ከታተመ በኋላ በማስመሪያ ለኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማችሁ ለኩት፣ ቤት ገብታችሁ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አብሮ አያንስም፤ የወረቀቱ ውፍረት። 1 ሚሊ ሜትር ካርቶን እንዲገባበት የተሳለ ስንጥቅ በ72 በመቶ 0.7 ይሆናል፣ ካርቶኑ አይገባም። ወይ ቀጠን ያለ ካርቶን ፈልጉ፣ ወይ ስንጥቁን አስፉ። የሙጫ መለጠፊያ ጆሮዎቹም አብረው ይጠባሉ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት አስፍታችሁ ሳሏቸው።

ፊልም ሠሪዎች እንደ ቀያሽ የሚጨነቁ እንዳይመስላችሁ። የስታር ዋርሱ ክፉ ሰው የዳርት ቬደር ትልቁ መርከብ ኤግዜኪዩተር በፊት 8 ኪሎ ሜትር ይባል ነበር፣ ኋላ 19 ሆነ። 19 ማለት ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ነው። የኢንተርፕራይዟ ትንሽ ማመላለሻም ውስጧ ከውጭዋ ይሰፋል፤ ተዋንያን ቆመው እንዲሄዱ ተብሎ ነው። የትኛው ልክ ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ። አንዱን ቁጥር ምረጡ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ በሱ ጽኑ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ማጠፊያውን ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ አስምራችሁ እጠፉ። ኮላ በስሱ ይቀባ። የደሴ ክረምት ግን ለወረቀት ሥራ ክፉ ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ የተቆረጠውን ያጣምመዋል። ሐምሌና ነሐሴ የቆረጣችሁትን ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አኑሩት፣ ማጣበቁን ፀሐይ ለወጣ ቀን አቆዩት። ስታር ዲስትሮየሩን ለመጀመር የቸኮላችሁም አብሽሩ፤ 1 ሜትር ከ60 በአንድ ክረምት አያልቅም።