ጠዋት ጠዋት የሚሸተው ምንጣፍ

ጥያቄው የመጣው ከሱሉልታ ነው። ቤቱ ፎቅ የለውም፤ የሳሎኑ ወለል ሊሾ ነው፤ ምንጣፉ 3 በ4 ሜትር። ልጃቸው አስም ስላለበት "ፀረ አለርጂ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን መርጠው ገዝተዋል። እስከ ግንቦት ደህና ነበር። ሰኔ ሲገባ ጠዋት ጠዋት መሽተት ጀመረ፣ ልጁም ማስነጠስ። ሁለት ጊዜ በዱቄት ሳሙና አጠቡት። ቀጥሎ ባለ ማሽን አጣቢ ተጠራ፤ እሱም አጥቦ ሲጨርስ "ወለሉ ይሞቃል" ብሎ ከስር ስፖንጅ በማስቲሽ ለጠፈበት። አሁን በሁለት ሳምንት ይጠቁራል፣ እግር ይይዛል፣ ሽታውም ብሷል። በአቸቶና በበረኪና ልጠበው፣ ዝናብ ስለሆነም ሳሎኑን ዘግቼ በከሰል ላድርቀው ወይ? ነው ጥያቄው።

ከሰሉን እናስቀድም። አይሆንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ጥሩ ከቀላ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ምታትና ድካም ሲሰማ ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። ይተኛል፤ አይነሳም። ምንጣፍ ለማድረቅ፣ ክፍል ለማሞቅ፣ በምንም ምክንያት ከሰል ዘግተው አያንድዱ።

አቸቶና በረኪና ደግሞ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። አስም ላለበት ልጅ ቀርቶ ለጤነኛም ሳንባ አደጋ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሥራ አላቸው፤ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ግን አይገናኙ።

አሁን ወደ ምንጣፉ። ከምልክቶቹ ስነሳ ጥፋተኛው ምንጣፉ አይመስለኝም፤ ወለሉ ነው። ሽታው ከዝናቡ ጋር ጀመረ፤ ጠዋት ይብሳል፣ ቀን በር ሲከፈት ይቀንሳል። ሶፋው ስርና በውጭው ግድግዳ በኩል ያለውን ጠርዝ ገልጠው ቢያሸቱ ከመሀሉ የበለጠ እንደሚሸት እገምታለሁ። በግምት ብቻ ግን ገንዘብ አይወጣም። ምንጣፉን ገልጠው ሊሾውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሚያሳይ ፕላስቲክ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ስኮች አየር እንዳያስገባ ያሽጉ። አንዱን በውጭው ግድግዳ አጠገብ፣ ሌላውን መሀል ላይ። 24 ሰዓት ይቆይ። ጠብታው ከፕላስቲኩ ስር ከሆነ ውሃው ከመሬት ነው የሚመጣው። ከላዩ ከሆነ የክፍሉ አየር እርጥበት ቀዝቃዛው ወለል ላይ እየሰፈረ ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ሁለቱም ደረቅ ከሆነ ወለሉን በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ፤ ምንጣፉ ከእጥበቱ በደንብ አልደረቀም ማለት ነው።

ይህ ነገር ሁሌም በደንብ ስለማይነገር ትንሽ ልቆይበት። ኮንክሪት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ኮንክሪትም ከስሩ ያለውን ውሃ ይስባል። ጥቁር ዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ሲሆን አፈሩ የክረምቱን ውሃ ይዞ ለወራት ይቆያል፤ ወለሉ ሲሞላ ከስሩ ፕላስቲክ ካልተነጠፈ (ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው) ክሩ ቀጥታ ጋዙ ውስጥ ተነክሯል ማለት ነው። ሊሾው ባዶ ሆኖ ሳለ ይህን ማንም አያየውም። ውሃው እስከ ላይ ይደርስና ተኖ በመስኮት ይወጣል። ላዩ ላይ ጀርባው ጎማ የተቀባ ምንጣፍ ሲነጠፍ ግን መውጫው ተዘጋ። ትኩስ እንጀራ በፕላስቲክ ሲሸፈን የሚሆነውን ያስቡ፦ እንጀራው ውሃ አልጨመረም፣ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ያልበዋል። አጣቢው ስፖንጅ ሲለጥፍበት ደግሞ በክዳኑ ላይ የሚመጥ ጨርቅ ጨመረበት። ስፖንጁ ውሃውን ይዞ ያስቀምጣል፣ ሻጋታው እዚያ ይበቅላል። ዓይን የማያያቸው የአቧራ ተባዮችም ውሃ አይጠጡም፤ እርጥበቱን ከአየር ይመጥጣሉ። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ከቆየ ደርቀው ይሞታሉ፤ እርጥብ ምንጣፍ ውስጥ ግን ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቅርፊት እየበሉ ይራባሉ። ልጁን የሚያስነጥሰው የእነሱ ኩስና የሻጋታው ብናኝ ነው።

"ፀረ አለርጂ" የሚለው ጽሑፍ ስለ ክሩ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ክሩ ውስጥ ስለሚጠራቀመው አይደለም። ክሩን ለመለየት ከጠርዙ አንድ ሁለት ፍሬ ይቁረጡና አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አጥልቀው ይልቀቁት። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ክር ነው ማለት ይቻላል፤ ውሃ አይጠጣም፣ ለዚህ ቤት ደህና ምርጫ ነው። ሱፍ፣ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ።

ስፖንጁ ይውጣ። ከጥግ ጀምረው ቀስ ብለው ይላጡት፣ የጠነከረበትን በከተር ይቁረጡ። ማስቲሹን በቲነር ወይም በቤንዚን ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ የምንጣፉን ጀርባ የያዘውን ጎማም አብሮ ያሟሟዋል፣ እሳትም ይስባል። ጀርባው ላይ የቀረው ይቅር። ሲላጥ ነጭ ዱቄት እየረገፈ የሚመጣ ከሆነ ግን ጎማው አልቋል፤ ያ ዱቄት ራሱ ለልጁ አይበጅም። እንዲህ ላለ ምንጣፍ ሳንቲም አያውጡ፣ ይጣል። ስፖንጅ በማስቲሽ መለጠፍ ጥገና አይደለም፤ ተከፍሎበት መሠራቱ ነው የሚያናድደው።

ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ምንጣፉን ውሃ አያስነኩት። በደረቁ ያቆዩት፦ ልጁ በሌለበት አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ውጭ ይደብድቡት፣ ከዚያ በቫኪዩም መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ፊቱን። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ሮጥ ሮጥ ማድረግ ላዩን ብቻ ነው የሚያነሳው። ቫኪዩሙ እውነተኛ የሄፓ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ መለኪያው 0.3 ማይክሮን ከሚሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን መያዝ ነው። "የሄፓ ዓይነት" ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ይህን አያሟላም፤ ከፊት የሳበውን ደቃቅ አቧራ ከኋላ መልሶ ይተፋዋል። ማታ መብራት አጥፍተው መውጫው ላይ ባትሪ ያብሩበት፤ ብናኝ ሲጨስ ከታየ ማሽኑ ለልጁ ጠላት ነው።

እጥበቱ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ ጥርት ባለ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀመር። ሌላ ሳሙና አያስፈልግም። እግር የሚይዘው በቅጡ ያልወጣው የድሮው ሳሙና ነው፤ አቧራውን እንደ ሙጫ ይሰበስባል፣ በሁለት ሳምንት የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ፣ ወደ 100 ሚሊ ሊትር፣ አቸቶ ይጨምሩ። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ቀለም እንደማይለቅ ይሞክሩ። ተዳፋት ባለው ሲሚንቶ ላይ ዘርግተው ይርጩበት፣ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ወደ ክሩ አቅጣጫ ይሹት፣ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ገፍተው ያስወጡ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ። የወጣውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ይነቅንቁት፤ አረፋው አንድ ደቂቃ ካለፈው ገና ሳሙና አለ፣ ይድገሙት። ሦስት አራት ዙር ቢወስድ አይገርምም።

ሲሰቀል በአንድ ገመድ ላይ አይታጠፍ፤ 50 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ጠንካራ ገመዶች ላይ ይሁን፣ መሀሉ ንፋስ ያገኛል። ጎማው በፀሐይ ስለሚሰነጣጠቅ ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን። መድረቁን በእጅ አያምኑ፤ ጀርባው ላይ ሶፍት አድርገው ግማሽ ደቂቃ ይጫኑት። ሶፍቱ ከረጠበ አልደረቀም። ቀኑ ካለቀ ወደ ቤት ገብቶ ወንበሮች ላይ ይዘርጋ፣ ሁለት ትይዩ መስኮቶች ይከፈቱ፣ ቬንቲሌተር ካለ ይነሳ። ከሰል አሁንም አይገባም፤ መስኮት ተከፍቷል ተብሎም አይገባም። ማታ ሲበርድ መስኮቱን የሚዘጋው ሰው ፍሙን ይረሳዋል።

ሊሾው ላይ ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ ይበቃል፤ ልጁ ከቤት ወጥቶ፣ አቸቶ ባልነካው ባልዲ፣ በኋላም በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ዋናው ሥራ ውጭ ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተከመረ አፈር ይነሳ፤ መሬቱ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ በየሜትሩም 5 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከቤቱ ይራቅ። የአሸንዳው ቱቦ ግድግዳው ስር ከፈሰሰ አስረዝመው ሁለት ሜትር ያርቁት። ከዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) በላይ ያለውን እርጥብ ግድግዳ በዘይት ቀለም እቀባልዎታለሁ የሚል ቢመጣ አይስሙት፤ በአንድ ክረምት ይላጣል። ምንጣፉ ስር ፕላስቲክ ማንጠፍም ላቡን ወደ ታች ከማውረድ በቀር አያደርቀውም።

ቤቱ እስኪስተካከል አንድ ትልቅ ምንጣፍ ከማንጠፍ በየሳምንቱ ተነስተው ፀሐይ የሚመቱ ሁለት ትናንሾች ይሻላሉ፣ ከውጭው ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው። ጫማ በር ላይ ይውለቅ፤ ቫኪዩም በሳምንት ሁለቴ። የፈሰሰ ነገር በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ይመጠጣል እንጂ አይፈተግም። የልጁ ብርድ ልብስና አንሶላ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፤ ተባዮቹ በዚያ ሙቀት ይሞታሉ።

የፕላስቲኩን ሙከራ በኅዳር መጨረሻ ይድገሙት። ያን ጊዜም ከስሩ ካላበው ትልቁን ምንጣፍ መልሰው አያንጥፉት፤ ሊሾው ተነስቶ ከስሩ ፕላስቲክ እስኪገባለት ተጠቅልሎ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።