ዊንተርና ልጆች፦ አፓርትመንት ውስጥ ለምትኖሩ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ የላካችሁልኝ በሙሉ አመሰግናለሁ። ለማታውቁኝ፦ አገር ቤት የስፖርት መምህርት ነበርኩ፤ አሁን ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ሕፃናት ማቆያ እሠራለሁ። የምኖረውም ከነልጆቼ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ በብርዱ ወራት ልጆችን ቤት ውስጥ የማጫወት ችግራችሁ ችግሬ ነው። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (የሁለት ወንዶች እናት፣ ሚኒያፖሊስ)፦ አምስትና ሰባት ዓመታቸው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሳሎኑን ስታዲየም ያደርጉታል። የታችኛው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። «አትሩጡ» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ልጆቹ ወንበር ላይ ውለው ቤት ሲገቡ ውጪው ጨልሟል፤ ጉልበታቸው ግን ገና አልተነካም። «አትሩጡ» የተባለ ልጅ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው ትንሽ ቆይቶ መሮጡ አይቀርም።

ጎረቤትሽን ያስመረረው ተረከዝ ነው። የብዙው አፓርትመንት ወለል እንጨት ስለሆነ እያንዳንዱ ርምጃ ታች ላለው ሰው እንደ ከበሮ ይሰማዋል። ስለዚህ የእኔ ዘዴ አንድ ነው፦ ልጁን ከእግሩ ወደ እጁ ማውረድ። በአራት እግሩ፣ መቀመጫውን ከፍ አድርጎ እንደ ድብ ይሂድ። ደረቱን ወደ ጣሪያ አዙሮ እንደ ሸርጣን ይመለስ። አንዱ የሌላውን እግር ይዞለት በእጁ ይራመድ፤ ለአምስት ዓመቱ ግን ቁርጭምጭሚቱን ሳይሆን ጭኑን ያዙለት፣ አለዚያ ወገቡ ይጎብጣል። ትልቁ ታናሹን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ኮሪደሩን ይጎትተው። የልብስ ቅርጫት መጽሐፍ ሙዪና ምንጣፉ ላይ እየገፉ ይመላለሱ። ግድግዳውን «ሊጥሉት» በሁለት እጃቸው ይግፉት፣ እስከ ሃያ ቁጠሩላቸው።

መግፋት፣ መጎተት፣ መሸከም፣ መዳህ፦ እነዚህ አራቱ ድምፅ የላቸውም፤ ከሩጫ ይልቅም ቶሎ ያደክማሉ። እጅና ሆድ እንደ እግር አልለመዱም፤ ኮሪደሩን ሁለቴ በእጁ የተመላለሰ ልጅ ራሱ ቁጭ ይላል።

ሰዓቱንም አስቢበት። መክሰስ ቀምሰው ወዲያው ጀምሩ፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቤቱ አንዴ ከተተራመሰ በኋላ ጨዋታ ላስጀምር ብትዪ ማንም አይሰማሽም። ጎረቤትሽን ደግሞ ድፎ ዳቦ ቆርሰሽ ይዘሽ አንኳኪበትና መቼ እንደሚተኛ ጠይቂው። በኪራይ ውል ላይ የጸጥታ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሰውየው ግን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ልጆቹን በስማቸው የሚያውቅ ሰው መጥረጊያ ከማንሳቱ በፊት ትንሽ ያስባል።

ጥያቄ (ስሜ ይቆይ)፦ በቀን ስንት ሰዓት መንቀሳቀስ አለባቸው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉት ቀኑን ሙሉ ተደማምሮ 180 ደቂቃ፤ ሦስትና አራት ዓመት ለሞላቸው ከዚያ ውስጥ 60 ደቂቃው ጠንከር ያለ ይሁን ይላል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ማለቅ የለበትም። ጠዋት ጫማ ከማሰር በፊት አሥር ደቂቃ፣ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ሃያ፣ ማታ ቤት ውስጥ ሠላሳ፤ ሞላ ማለት ነው።

ጥያቄ (አባት፣ ብሉሚንግተን)፦ የእኔ ልጅ ካለ ኳስ ሌላ ነገር አይታየውም። ቴሌቪዥኑ አንዴ ተሰብሯል። ሁለተኛውን ገና እየከፈልኩ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን እኮ በልጅነትህ ታውቀዋለህ፦ የካልሲ ኳስ። እዚህ አገር ካልሲ አንድ እግሩ ማድረቂያ ውስጥ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ ጥሬ ዕቃ አይቸግርህም። የተረፉትን ጠቅጥቀህ አንዱ ውስጥ ክተት፣ አፉን ጠምዝዘህ ገልብጥ፣ ደግመህ ጠምዝዝና በመርፌ ስፋው። አይነጥርም፣ መስኮት አይሰብርም፣ ግድግዳ ሲመታ አይሰማም። ከዚያ ደንብ አውጣ፦ ሁሉም ተንበርካኪ ነው፣ አንተም ጭምር። ምንጣፍ ከሌለህ ጉልበታቸው ላይ የቆየ ካልሲ አጥልቅላቸው። ጎሉ ሁለት ጫማ ነው፤ በረኛው ፍራሽ ላይ ይወድቃል፣ መወርወርም ይችላል። ተንበርክኮ የሚጫወት ልጅ በሆዱና በጭኑ ይሠራል፤ አባትየው ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላብ በላብ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቴሌቪዥኑንና የልብስ መሳቢያውን ከግድግዳ ጋር በማሰሪያ እሰራቸው። መሳቢያ እንደ ደረጃ ተጠቅሞ የሚወጣ ልጅ ላይ ዕቃው ይገለበጣል፤ በዚህ የሚሞቱ ሕፃናት አሉ። ማሰሪያው ርካሽ ነው። ግድግዳ ለመብሳት አከራዩን አስፈቅድ።

ጥያቄ (አያት፣ ብሩክሊን ፓርክ)፦ የመጣሁት የልጅ ልጆቼን ልጠብቅ ነው፤ አራትና ስድስት ዓመታቸው ነው። ጉልበቴ አያስነሳኝም። ካልተነሳሁ ደግሞ ስልክ ላይ ይውላሉ። ተቀምጬ እንዴት ላጫውታቸው?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እነሱ ይሂዱ። እንቆቅልሽ ያውቁ የለ? መልሱ ሲጠፋቸው «አገር ስጠኝ» ይሏቸዋል። እዚህ ላይ ጨዋታውን ትንሽ ይለውጡት። ቤቱን አገር ያድርጉት፦ መኝታ ቤቱ ጎንደር፣ የመታጠቢያው በር ሐረር፣ የሶፋው ጀርባ ጅማ። መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ሲሰጥዎት፣ የሰጠው አገር ድረስ በአራት እግሩ ሄዶ ዕቃ ይዞ ይምጣ። ከጅማ ቡና፣ ማለትም የሶፋ ትራስ። መልሱን ያወቀው ደግሞ ወንድሙ በምን ዓይነት አካሄድ እንደሚሄድ ይዘዝ፦ እንደ እባብ፣ እንደ እንቁራሪት (ለስላሳ እንቁራሪት፣ ታች ሰው አለ)፣ እንደ ኤሊ። ምድጃ ላይ ድስት ካለ ወጥ ቤቱን ከካርታው ያውጡት።

አኩኩሉም ተቀምጠው ይሆንልዎታል። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ «አኩኩሉ!» ይበሉ፣ «አልነጋም!» እያሉ ይደበቁ። ሲነጋ ተነስተው አይፈልጉ፤ «ከጠረጴዛው ሥር የማን እግር ነው?» እያሉ ከወንበርዎ ያውጧቸው። የተያዘው ልጅ ከመቀመጡ በፊት ትራስ ተሸክሞ ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙር። አማርኛቸውም በዚያው ይፈታል፤ ወላጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለፉበትን ማለት ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ሮቸስተር)፦ ዩቲዩብ ከፍቼ ቢጨፍሩ እንደ ስክሪን ይቆጠራል?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የስክሪን ገደብ ተቀምጠው የሚያዩት ላይ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። እየጨፈሩ ከሆነ ደስ ይበልሽ። ችግሩ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቆመው ማየት መጀመራቸው ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑን አጥፍተሽ ድምፁን ብቻ ተዪው። ለፎቅ ቤት ደግሞ እስክስታን የሚያህል የለም። ትከሻ ነው፣ ደረት ነው፣ አንገት ነው፤ እግር ቦታውን ይዞ ይቆማል። በርከክ ብለው ይውረዱ፣ እዚያው ይወዝውዙ፣ ቀስ ብለው ይነሱ፤ ጭናቸው ሲንቀጠቀጥ ታዪዋለሽ። የጉራጌው ጭፈራ ግን፣ ነፍሴ እስኪወጣ ብወደውም፣ ምድር ቤት ለሚኖሩ ነው።

ጥያቄ (አባት፣ ሴንት ፖል)፦ ትምህርት ቤቱ በዚህ ብርድ ልጄን ውጪ ያስወጣታል። «አታስወጡብኝ» ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ሳል ወይም አስም ካላት ሐኪሟን አማክር። ደህና ከሆነች አትጻፍ። እዚህ አካባቢ ብዙ ትምህርት ቤቶች የንፋሱ ቅዝቃዜ ተጨምሮ እስከ 0 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ድረስ ያስወጣሉ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚመቸው መስኮት የተዘጋበት፣ ሠላሳ ልጅ የሚተነፍስበት ክፍል ነው። «ብርድ መታው» የሚለውን እናቶቻችን ስላሉን ዝም ብለን ተቀበልነው።

የሚያስፈልጋት ልብስ ነው። ከውስጥ ጥጥ አይሁን፣ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። ጓንቲው ጣት የማይለያየው ዓይነት ይሻላል፤ ጣቶቿ አንዱ ሌላውን ያሞቃሉ። ጫማው ውኃ የማያስገባ ይሁን፣ ሁለት ወፍራም ካልሲ ግን አትደርድርባት፤ ከጠበባት እግሯ ይበርዳል። ከንፋሱ ጋር ከዜሮ በታች 28 ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ቀን ቤት ነው። እኛ ጥቁሮች ላይ መቅላቱም መገርጣቱም በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ «ጣትሽ ይሰማሻል?» ብለህ ጠይቃት። ከደነዘዘ ለብ ባለ ውኃ እንጂ በማሸት አይሞቅም። መኪና ውስጥ ደግሞ ወፍራሙን ጃኬት አውልቀህ ነው ቀበቶውን የምታስረው፤ ጃኬቱን ከላይ አልብሳት።

ጥያቄ (ብዙዎቻችሁ)፦ ገንዘብ የማያስወጣ ሰፊ ቦታ የት አለ?

መልስ፦ ሴንት ፖል ያለው የኮሞ መካነ እንስሳና የመስታወቱ የዕፅዋት ቤት መግቢያው ነጻ ነው፤ በር ላይ መዋጮ ይጠይቃሉ፣ የቻላችሁትን ጣሉ። ዕፅዋቱ ቤት ሲገቡ የሚቀበለው ሙቀት ጅማን ያስታውሳል፤ ልጆቹ ግን እንዲሮጡበት አይፈቀድም፣ ለመሮጥ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ብሉሚንግተን ያለው ሞል ኦፍ አሜሪካ ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት ለእግር ተጓዦች በሩን ይከፍታል፤ አንዱን ፎቅ መዞር ከግማሽ ማይል በላይ ነው። መሐሉ ላይ ያለው መዝናኛ ውድ ነውና ከመኪና ሳትወርዱ «ዛሬ እግር ብቻ» ብላችሁ ተዋዋሉ።

ከሁሉ የምወደው ግን የየሰፈሩ የመዝናኛ ማዕከል ነው። ክፍት ጂም የሚሉት ሰዓት አላቸው፤ ኳሱም እዚያው አለ። በሚኒያፖሊስ ፓርኮች በረዶ ሜዳ አጠገብ ያሉት ማሞቂያ ቤቶች የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ያውሳሉ። ገና መዋዕለ ሕፃናት ላልገቡት ደግሞ ኢሲኤፍኢ የሚባለው የትምህርት ወረዳዎቹ ፕሮግራም አለ፤ ወላጅና ልጅ አብረው ይማራሉ፣ ብዙ ቦታ የጂም ሰዓት አለው። ክፍያው በገቢ ነው፤ መክፈል ያልቻለ አይመለስም። ወገኖቻችን ይህን ፕሮግራም እምብዛም ሲጠቀሙበት አላይም፤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ትራምፖሊን ልግዛ?

መልስ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለቤት አይመክረውም። አብዛኛው ጉዳት ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ሲዘሉ ነው፤ ሦስት ልጅ ያለበት ቤት አንድ ብቻውን የሚዘልበትን ቀን አላይም። በገንዘቡ ወፍራም የስፖርት ፍራሽ ግዙ።

ጥያቄ (እናት፣ ሚኒያፖሊስ)፦ መምህርቷ ልጄ አይቀመጥም ብላ ትደውላለች። ለቅጣት ከእረፍት ታስቀረዋለች። ዘመድ ደግሞ ጠበል ውሰጂው ይላል። በሽታ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጠበሉ የእምነትሽ ጉዳይ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር አይጣላም። ኃይለኛ መሆን ብቻውን በሽታ አይደለም። ሐኪሞች የሚጠይቁት እንዲህ ነው፦ ከስድስት ወር በላይ ቆይቷል? ቤትም ትምህርት ቤትም አንድ ዓይነት ነው? ትምህርቱን ወይም ከጓደኞቹ ጋር መግባባቱን ጎድቶታል? መልሱ አዎ ከሆነ ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሪው፤ ማስመርመር ልጅን መፈረጅ አይደለም።

እረፍቱ ላይ ግን ዝም አትበዪ። ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ በሚኒሶታ ሕግ ትምህርት ቤት ልጅን ለቅጣት ብሎ ከእረፍት ማስቀረት በመሠረቱ አይፈቀድለትም። ሌላውን ክፉኛ የሚጎዳ ከሆነ፣ ወይም ወላጅ ራሱ ከተስማማ የተለየ ነው። ስለዚህ ሳታነቢ የምትፈርሚው ወረቀት አይኑር። ትሕትና ባለው ኢሜይል «ልጄ በእረፍት እንዲወጣ እፈልጋለሁ፤ በዚህ አልተስማማሁም» ብለሽ ጻፊ። ለመምህርቷም ምትክ ስጪያት፦ መጻሕፍት ተሸክሞ ቤተ መጻሕፍት ያድርስ፣ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ይስቀል። እኛ ማቆያ ውስጥ በጣም የሚነሱ የሚቀመጡትን ልጆች «ዕቃ ጫኝ» እንላቸዋለን፤ ሹመቱን ይወዱታል፣ ከጫኑ በኋላም ይቀመጣሉ።

ጥያቄ (እናት፣ ዱባይ)፦ እኛ ጋ በረዶ የለም፣ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ልጆቹን የሚያስወጣ አይደለም። ይሄ ለእኛም ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ወለላችሁ ሴራሚክ ከሆነ ግን በካልሲ አይዳሁ፣ ይንሸራተታሉ፤ ባዶ እግር ይሻላል። ውኃ በየመሐሉ አጠጫቸው።

ጥያቄ (የሦስት ልጆች አባት፣ ኢገን)፦ ሁለቱ ወንዶች ጨዋታቸው ሁሉ በትግል ያልቃል፣ ትግሉ በለቅሶ። ልከልክል?

መልስ፦ አትከልክል፣ ዳኛ ሁን። ፍራሽ መሬት ላይ አውርድ። ሁለቱም ተንበርክከው ይጀምሩ፤ የቆመ ተሸነፈ። አንገት፣ ፊትና ፀጉር አይነካም። ጀርባው ፍራሹን የነካ አንድ ነጥብ ሰጠ። «በቃ» የሚለው ቃል ሲሰማ እጅ ይለቀቃል፤ ያልለቀቀ አንድ ዙር ይቀመጣል፣ ክርክር የለም። ትልቁ በጣም የሚከብድ ከሆነ አንድ እጁን ከኋላ ይያዝ። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት አቁማቸው፤ ፍራሹን ተሸክመው ወደ ቦታው የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው፣ እሱም ስፖርት ነው። ሦስተኛዋን ልጅህን አልጠቀስካትም፤ ነጥብ መዝጋቢ ብቻ እንዳታደርጋት፣ ተራዋን አስገባት።