ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፣ ፎርማት ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የቤቴ ኮምፒውተር የቆየ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ብራውዘር ስከፍት ሃርድ ዲስኩ ይንጫጫና ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ፎርማት ላድርገው ወይ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል! ያ ጩኸት ራሱ ችግሩን እየነገረህ ነው፤ ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቀመጡበት ፈጣን ሜሞሪ፣ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ እያስቀመጠ መልሶ ያነበዋል፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም አንጻር በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ማውሱ ሳይቀር ይደነዝዛል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫንና ታስክ ማናጀር ሲመጣልህ ሜሞሪ የሚለውን ንካው፣ ብዙ የሚበላው ከላይ ይሰለፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘሩ ነው፣ ስለዚህ ከሁለት ሦስት ታብ በላይ አትክፈት። እዛው ታስክ ማናጀር ላይ ስታርትአፕ (ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ ገብተህ የማትፈልገውን ዲሴብል አድርግ፣ አንቲቫይረሱን ግን እንዳትነካው። ራም እናፋጥናለን የሚሉ ሶፍትዌሮችን በፍጹም አትጫን፣ እነሱም ራም ነው የሚበሉት!

ብር ካለህ ራሙን ወደ 4 ወይም 8 አሳድገው። ከመግዛትህ በፊት ግን ማዘርቦርዱ (ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) የሚቀበለው የራም ዓይነት ዲዲአር2 ይሁን ዲዲአር3 አረጋግጥ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ ዊንዶውስህ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምልህም። ከዛ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ በጣም በሚፈጥን ማስቀመጫ፣ ቀይረው፣ ልዩነቱን ገና ስታበራው ታየዋለህ።